አዳማ ላይ የወሰድኩት የጨው ጂኦሎጂ ስልጠና

ባለፈው ቅዳሜና እሑድ አዳማ ውስጥ አንድ ትንሽ ማሠልጠኛ ያዘጋጀውን የሁለት ቀን ስልጠና ወሰድኩ። ከመሬት በታች ያለ ጨው እየተንቀሳቀሰ አለትን እንዴት እንደሚቀርጽ ነው የሚያስተምሩት። ጂኦሎጂ ተመርቄያለሁ፤ ይህን ግን በደንብ ተምሬው አላውቅም ነበር።

ለእኔ ከሁሉም የበለጠው የመስታወት ሳጥኑ ነው። ከታች በጨው ምትክ እንደ ማር የሚወፍር ሲሊኮን ያነጥፋሉ፣ በላዩ ባለቀለም አሸዋ በንብርብር ይነሰነሳል፣ ከዚያ ሳጥኑን ትንሽ ዘንበል አድርገው ይተዉታል። ጠዋት አዘጋጅተን ከሰዓት ስንመለስ በላይኛው በኩል አሸዋው ተሰነጣጥቆ ተራርቋል፣ በታችኛው በኩል ደግሞ ተገፋፍቶ ታጥፏል። በጣም ነው የገረመኝ! የብራዚልና የአንጎላ የባሕር ጠርዝ ላይ የሆነው ይኸው ነው። አፍሪካና ደቡብ አሜሪካ ሲላቀቁ፣ ከ110 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት የተጠራቀመው ጨው ዛሬ ከአትላንቲክ ወዲያና ወዲህ ተኝቷል። ጨው ዘይትና ጋዝ አያሳልፍም፤ ብራዚል በ2006 እ.ኤ.አ. ቱፒ የተባለውን ትልቅ የነዳጅ ክምችት ያገኘችውም ከሥሩ ነው።

እኔ ጨው ቀላል ስለሆነ ብቻ ወደ ላይ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። እርግጥ ጨው ቢጫኑትም አይጠቀጠቅም፣ አንድ ሜትር ኩብ 2,160 ኪሎ አካባቢ እንደሆነ ይቀራል፤ ደለሉ ግን ወደ ታች በተቀበረ ቁጥር እየጠበቀ ይከብዳል። አሠልጣኙ ደጋግሞ ያስረዳን ግን ጭነቱ እኩል አለመሆኑን ነው። ብዙ ደለል የተከመረበት ጨው ጭነት ወደቀለለበት ጎን ይሸሻል፣ ደለሉ በቦታው ይሰምጣል፣ ጎን ያለው ጨው ያብጣል፣ ከላዩ ያለው አለት ሲሳሳና ሲሰነጠቅ ደግሞ በስቶ ይወጣል። የቱንም ያህል ብንጠይቀው አልሰለቸንም፤ እግዜር ይስጠው።

ቅር ያለኝን ልንገራችሁ። የሰጡን ጽሑፍ በጥቁርና ነጭ የታተመ ነው፤ የሴይስሚክ ምስሎቹ (ወደ መሬት በተላከ የድምፅ ሞገድ የተነሱ የከርሰ ምድር ምስሎች) ላይ ጨውን ከደለል መለየት አይቻልም። ሌላው ቀይ ባሕር ነው። ጎረቤታችን ያለ፣ ገና እየሰፋ ያለ ባሕር ነው፣ ከሥሩም ወፍራም ጨው አለው፤ የፋራሳን ደሴቶችን ወደ ላይ የገፋው ይኸው ጨው ነው። እኛም አሞሌ ከሚቆረጥበት ከዳናክል አገር ነን። ታዲያ እነዚህ የተነሱት እኔ እጄን አውጥቼ ከጠየቅኩ በኋላ፣ ያውም በመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች ነው። ከዚያ መጀመር ነበረበት።

ለ1,800 ብር አልተቆጨሁም፤ በሚቀጥለው ዙር ታናሽ እህቴን አስመዘግባለሁ። የምትሄዱ ከሆነ ምስሎቹን በቀለም በስልካችሁ እንዲልኩላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ሳጥኑ አጠገብም ቦታ ያዙ።