የቴስቶስትሮን መለኪያ ማሽናችን ጅማ ላይ 9 ወር ስትሠራ ያየሁት

ጅማ ውስጥ ትንሽ የግል ላብራቶሪ አለን። ከ9 ወር በፊት ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ፣ በካሴት (ለአንድ ምርመራ በሚያገለግል ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ) የምትሠራ የሆርሞን ማሽን ገዛን። ዋናው ዓላማችን ታይሮይድ ነበር። ዋናውን የወንድ ሆርሞን፣ ቴስቶስትሮንንም ትሠራለች ሲባል ግን ያንንም ኪት (የምርመራ ዕቃ) አብረን አመጣን። ዛሬ የምጽፈው ስለ ቴስቶስትሮኑ ብቻ ነው፤ የሙያ ጓደኞቼ እየደወሉ «እንግዛ ወይስ ይቅርብን?» ይሉኛል። የማሽኗን ስም አልጠራም። ያየሁት ነገር አብዛኛው የዚህ ዓይነት ማሽኖች ሁሉ ጠባይ ነው።

መልሴን ላስቀድም። ለአዋቂ ወንድ ትጠቅማለች። ለሴትና ለሕፃን አትጠቀሙባት።

ነገሩ ያለው አሠራሯ ላይ ነው። ካሴቱ ላይ አንቲቦዲ፣ ማለትም ቴስቶስትሮንን የሚይዝ ፕሮቲን አለ። የታካሚው ቴስቶስትሮንና ኪቱ ውስጥ ያለው ምልክት የተደረገበት ቴስቶስትሮን ለዚያ አንቲቦዲ ይሻማሉ። ጠዋት አንድ ባጃጅ ላይ ሰው ሲሻማ አስቡት፤ ወንበሩ አይጨምርም፣ የታካሚው ከበዛ ምልክት ያለበት ቦታ ያጣል፣ ማሽኗ የምታነበው ብርሃንም ይቀንሳል። ችግሩ አንቲቦዲው አንዳንዴ ሰው ይስታል፤ እንደ ዲኤችኢኤ ሰልፌት ያሉ የቴስቶስትሮን ዘመዶችም (ቅርጻቸው የሚመስል ሌሎች ሆርሞኖች) ወንበሩን ሊይዙ ይችላሉ። ወንድ ላይ ቴስቶስትሮኑ ብዙ ስለሆነ ስህተቱ ውጤቱን ብዙም አያዛባም። ሴት ላይ ግን መጠኑ ከወንዱ ከ10 እጥፍ በላይ ሊያንስ ይችላል፣ ያኔ ስህተቱ ራሱ ውጤት ይሆናል።

በወሬ ብቻ አላመንኩም። የራሴን ደም ቀድቼ አንዱን ሴረም (ከደሙ የተለየውን ፈሳሽ) በአንድ ጠዋት በሦስት ካሴት ሠራሁት። 0.4፣ 0.9 እና 0.6 ናኖግራም በሚሊ ሊትር አመጣች። እኔ ያው አንድ ሰው ነኝ! በአንደኛው ቁጥር ጤነኛ ነሽ እባላለሁ፣ በሁለተኛው ደግሞ ሆርሞንሽ ከፍ ብሏል ተብዬ ሌላ ምርመራ ይታዘዝልኛል። ፊቷ ላይ ፀጉር የወጣባት ወይም የወር አበባዋ የተዛባባት ልጅ ተጨንቃ ስትመጣ ይህን ቁጥር አልሰጣትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሴት ትእዛዝ አንቀበልም።

ለእነሱ የሚሻለው ኤልሲ ማስ ስፔክትሮሜትሪ የሚባለው ዘዴ ነው። ቴስቶስትሮኑን መጀመሪያ ከዘመዶቹ ይለየዋል፣ ከዚያ ይመዝነዋል፣ ሰባብሮም ስብርባሪውን ይመዝናል። በመሣሪያው የክብደት ቁጥር 289 ላይ የተያዘው ሞለኪውል ተሰባብሮ 97 እና 109 ሆኖ ሲወጣ፣ ያ ቴስቶስትሮን ነው ማለት ይቻላል። ገና ሲጀመር ክብደቱ በጥቂቱ የተለየ ቴስቶስትሮን በሚታወቅ መጠን ስለሚጨመርበት፣ በሂደቱ የባከነውም ይታወቃል። መሣሪያው በጣም ውድ ነው፣ እንደ እኛ ያለ ቤት አይገዛውም። ግን የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2010 ጀምሮ የቴስቶስትሮን መለኪያዎችን ከእንዲህ ያለ ማመሳከሪያ ዘዴ ጋር እያስተያየ፣ አማካይ ልዩነታቸው ከ6.4 በመቶ ላልበለጠ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ኪት ስትገዙ ወረቀቱ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ነው የገዛሁት፣ ሻጩም አላነሳልኝም።

አሁን ስለ ሰዓት። እዚህ ላይ አንድ ልጅ በድለናል። የኪቱ መመሪያ ደም ከ10 ሰዓት በፊት ይወሰድ ይላል፣ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እኛ እንዳለ ወደ ቀጠሮ ወረቀታችን ገለበጥነው። ልጁ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ምሳውን በልቶ መጣ። ወረቀታችን ያለውን ነው ያደረገው። ውጤቱ 2.4 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ወጣ። ቴስቶስትሮን ጠዋት ከፍ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል፣ ምግብም ያወርደዋል፤ በተለይ ወጣት ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ከ19 እስከ 39 ዓመት ለሆኑ፣ ከመጠን በላይ ላልወፈሩ ወንዶች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ወሰን ከ2.64 እስከ 9.16 ነው፣ ስለዚህ ልጁ «ዝቅተኛ» ተባለ። እጮኛ ነበረችው፣ በጣም ደነገጠ። በሌሎች ሁለት ጠዋቶች በባዶ ሆዱ ስንደግመው 3.2 እና 3.4 ሆነ። አሁን ወረቀታችን «ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት፣ ቁርስ ሳይበሉ» ይላል። አንድ ጊዜ ብቻ ተለክቶ ዝቅ ያለ ውጤት ከሆነ ደግሞ በሌላ ቀን ጠዋት ሳይደገም መደምደሚያ እንዳይሰጥበት ለሐኪሙ እንጽፋለን።

የጅማ ነገርም አለ። ካሴቱ ማሽኗ ውስጥ እያለ መብራት ከሄደ ያ ካሴት አበቃለት። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ) እስክንገዛ ድረስ 7 ካሴት ጥለናል። ክረምት ላይ ደግሞ እርጥበቱ ስለሚያበላሸው ካሴቱን ከማሸጊያው የምናወጣው ናሙናው ከተዘጋጀ በኋላ ነው። ኪቱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ በበረዶ ሣጥን ነው የሚመጣው። አንዴ በረዶው ቀልጦ ደረሰ፣ በማግስቱ ኮንትሮሉ (መጠኑ አስቀድሞ የሚታወቅ፣ ማሽኗንና ኪቱን የምንፈትሽበት ናሙና) ከወሰኑ ወጣ፣ ሣጥኑን በሙሉ ጣልነው። ገንዘቡ ያንገበግባል፣ ግን ያንን ያወቅነው በኮንትሮሉ ነው። ኮንትሮል ውድ ነው ብሎ የሚዘል ሰው ምን እየለካ እንደሆነ አያውቅም።

ለፀጉር ተብሎ የሚዋጠውን ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን ወስዶ እንደሆነም ታካሚውን ጠይቁ። የእኛ ኪት ባዮቲንን ለመያያዣ ስለሚጠቀም፣ ብዙ የዋጠ ሰው ውጤቱ በሐሰት ከፍ ሊል ይችላል። መለኪያውንም ልብ በሉ፤ 5 ናኖግራም በሚሊ ሊትር፣ 500 ናኖግራም በዴሲ ሊትር እና 17.3 ናኖሞል በሊትር አንድ ናቸው። ሦስቱም ዓይነት ወረቀት ጅማ ውስጥ አጋጥሞኛል።

ሻጩ ሰሞኑን «ነፃ ቴስቶስትሮን» የሚለካ ኪት ላምጣ ብሎኝ ነበር። አልፈልግም አልኩት። ነፃው ከጠቅላላው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፣ ሌላውን ፕሮቲን ይዞታል፤ ያንን በቀጥታ ለካሁ የሚል ርካሽ ኪት አይታመንም። በዚያ ገንዘብ ሁለተኛ ዩፒኤስ ገዛሁ፣ ለኪቱ ፍሪጅ።