በሐዋሳ ድረ ገጽ ለምታሠሩ ሁሉ፦ ምስጋናና ጥቆማ

በሐዋሳ ከተማ፣ ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ ሰፈር አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አስተዳድራለሁ። ይህን የምጽፈው ድረ ገጻችንን ሠርቶ ላስረከበን ወጣት ባለሙያ በአደባባይ ምስጋናዬን ለማቅረብና እናንተም ተመሳሳይ ሥራ ካላችሁ ወደ እርሱ እንድትሄዱ ለመጠቆም ነው።

ከእርሱ በፊት የደረሰብንን ሳልናገር ባልፍ ምስጋናው ጎደሎ ይሆንብኛል። ስማቸውን የማልጠቅሳቸው ሰዎች ሙሉውን ክፍያ አስቀድመው ከተቀበሉ በኋላ፣ «አማርኛ ኢንተርኔት ላይ በትክክል አይወጣም» ብለው የክፍሎቻችንን የዋጋ ዝርዝር በፎቶ መልክ ለጠፉልን። ዋጋ በተለወጠ ቁጥር አዲስ ፎቶ የሚሠሩት እነርሱ ብቻ ነበሩ፤ ለዚያም ሌላ ገንዘብ ይጠይቃሉ። የይለፍ ቃሉን ስንለምናቸው «ታበላሹታላችሁ» ተባልን፤ የድረ ገጹ አድራሻ በእነርሱ ስም መመዝገቡን ያወቅነው ደግሞ ስልካችንን ማንሣት ካቆሙ በኋላ ነው። ለታኅሣሥ ገብርኤል የመጣ እንግዳ ያለፈውን ዓመት ዋጋ አይቶ በራችን ላይ ሲከራከር፣ ይቅርታ የምንጠይቀው እኛ ነበርን።

ይህ ወጣት እንደመጣ ስልኬን ተቀብሎ፣ ዋይፋዩን አጥፍቶ፣ የቀድሞውን ገጽ በሞባይል ዳታ ከፈተና ዝም ብሎ ጠበቀ። የመኝታ ክፍሉ ፎቶ ከላይ ወደ ታች እየተጎተተ ሲወርድ፣ «እትዬ፣ ማረፊያ የሚፈልግ እንግዳም የሚያየው ይህንኑ ነው» አለኝ። ፎቶዎቹን ጥራታቸው ሳይጎዳ አሳነሳቸው፤ ጽሑፉም በስልክ ላይ እንደ ጉንዳን እንዳያንስ ገጹን ከስልኩ ስፋት ጋር የምታስማማ አንዲት መስመር ኮድ (ገጹ የሚሠራበትን የኮምፒውተር ጽሑፍ) አስገባ። ስልክ ቁጥራችን ሲነካ በቀጥታ ወደ መደወያው እንዲወስድ አደረገ፤ ውጭ አገር ያለ ሰውም እንዲደውልበት በ+251 አስጀመረው። አማርኛውን በተመለከተ የግዕዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር በቁጥር በተመዘገቡበት የጋራ መለኪያ) ውስጥ እንዳለ፣ ከገጹ ኮድ ራስ ላይ ዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ ፊደላት በፋይል የሚቀመጡበት መንገድ) የምትል አጭር መስመር ከገባችና ፋይሉም በዚያው ከተቀመጠ ጽሑፉ ያለ ችግር እንደሚወጣ አስረዳኝ። ከዚያ ወዲያ የተናገረው ከእኔ ዕውቀት በላይ ስለነበር አልደግመውም። እኔ የማውቀው ዋጋችን አሁን እንደ ማንኛውም ጽሑፍ የሚነበብና የሚለወጥ መሆኑን ነው።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን አክብሮቱ ነው። አዲሱን አድራሻ በማረፊያችን ስምና በራሳችን ኢሜይል አስመዘገበ፤ የይለፍ ቃሉን ስጽፍ ደግሞ ወንበሩን አዙሮ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ቀጥሎም «አሁን አንዱን ዋጋ ራስዎ ይለውጡት» ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ለወጥሁት፤ በስልኬ ላይ ተለውጦ ሳየው የተሰማኝን እፎይታ ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። በኮዱ ውስጥም፣ ለጎብኚ በማይታይ ቦታ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ምን እንደሚሠራና የቱ መነካት እንደሌለበት በአማርኛ ጽፎ ትቶልናል። የእኅቴ ልጅ ኮምፒውተር የምትማር ስለሆነች እነዚያን ማብራሪያዎች እያነበበች የስብሰባ አዳራሻችንን ገጽ ራሷ ጨምራለች፤ አንድ ጊዜ ሲያቅታት ደውላለት ያለ ምንም ክፍያ በስልክ አስተካክሎላታል። እንዲህ ያለ ባለሙያ በከተማችን መኖሩን ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ ስንት ገንዘብና ንዴት በተረፈኝ ነበር።

ስለዚህ ሆቴል፣ ሱቅ፣ ክሊኒክም ሆነ ትምህርት ቤት ያላችሁ የሐዋሳና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ እባካችሁ ለሌላ ከመክፈላችሁ በፊት እርሱን አነጋግሩት። ግማሹን ክፍያ የሚቀበለው ሥራውን አይታችሁ ከተረከባችሁ በኋላ ነው። ስሙንና ስልኩን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ እልካለሁ፤ ይህንንም እርሱ ፈቅዶልኛል። በዓላት ሲቃረቡ ሥራ ስለሚበዛበት ቀደም ብላችሁ ቀጠሮ ያዙ።