ለጋራዥ የአየር መስመር፦ ፒቪሲ ወይስ መዳብ?

አየር የሚያምቀው ኮምፕሬሰር ጋራዡ ውስጥ ጥግ ይዟል። አየሩን እስከ ሥራ ጠረጴዛው በምን እንውሰደው?

ብዙ ሰው ቶሎ የሚያነሳው የውሃ ፒቪሲ (የፕላስቲክ ቧንቧ) ነው። ርካሽ ነው፤ በመጋዝ ቆርጦ በሙጫ ማጣበቅ ብቻ። እኔ ግን እዚህ ላይ አልደራደርም፤ ለአየር አይሆንም። የታመቀ አየር እንደ ተጨመቀ ሞላ ጉልበት አጠራቅሞ ይይዛል። ስለዚህ ፒቪሲው ሲሰነጠቅ አያንጠባጥብም፤ ፈንድቶ ስብርባሪው እንደ ቢላ ይበተናል። ለወራት ደህና መሥራቱ ነው ሰውን የሚያዘናጋው።

መዳብ ዋጋው ውድ ነው፤ ብየዳውም እጅ ይፈልጋል። ቢያፈስ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምትሰሙት ፉጨት ነው። ሙቀትም ቶሎ ስለሚያስወጣ፣ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት መሣሪያው ጋ ሳይደርስ እዚያው ውሃ ይሆናል። ለዚህ መስመሩን በየ1 ሜትሩ 1 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ እያደረጋችሁ ውሰዱት፤ ጫፉ ላይ ማፍሰሻ ቫልቭ ግጠሙ። ወደ መሣሪያው የሚሄደውን መውጫ ከቧንቧው ሆድ (ከሥሩ) ሳይሆን ከጀርባው (ከላይ) አውጡ። አለበለዚያ ቀለም ስትረጩ የውሃ ጠብታ አብሮ ይመጣል፤ ሥራውም ከዜሮ!

ከኮምፕሬሰሩ እስከ ቧንቧው ያለችውን አጭር ርቀት ግን በጎማ ሆዝ አገናኙ። አለበለዚያ የኮምፕሬሰሩ ንዝረት ብየዳውን ይሰነጥቀዋል።

ሥራችሁ ጎማ መንፋት ብቻ ከሆነስ? ሁለቱንም ተዉት፤ አንድ ረዥም ሆዝ ይበቃል።