«ቁም» ልታሠሩ ነው? መጀመሪያ እናንተ ቁሙ

ይሄን የምጽፈው ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልድያና አካባቢው መንገድ ላይ ለምትሠሩ ነው። ዲች፣ ያው የመንገድ ዳር ቦይ፣ ለምትጠርጉ፣ አስፋልት ለምትጠግኑ፣ ኮብልስቶን ለምታነጥፉ፣ የውሃ ቱቦ ለምትቀብሩ። መኪና ማስቆሚያ፣ በእጅ የሚያዝ ምልክት ልታሠሩ ካሰባችሁ ቀብዱን ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጊዜ አንብቡት። እኛ ከፍለን ነው የተማርነው። 19,200 ብር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትንሽ ማኅበር ነን። ግንቦት ላይ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ የዲች ጠረጋና የአስፋልት ጥገና ሥራ ያዝን። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ሳትሄዱ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድማ ከፊታችሁ ያለውን መኪና የምታዩት በግምት ነው። ግማሹን መንገድ ዘግተን ስለምንሠራ ከላይና ከታች ባንዲራ ያዥ እናቆማለን። አንዱ ሲያሳልፍ ሌላው ያስቆማል። ተቆጣጣሪው መጥቶ አየና «ይሄ ቡትቶ አይበቃም፣ ደህና ምልክት አሠሩ» አለን። እውነቱን ነው። ቀዩ ባንዲራችን ታጥቦ ታጥቦ የሽንኩርት ልጣጭ መስሎ ነበር።

ደሴ አንድ ማስታወቂያ ቤት ሄድን። ስሙን አልጠራም። ባነር ይሠራል፣ ማኅተም ይቀርጻል፣ የሠርግ ጥሪ ያትማል። የመንገድ ምልክት ሠርቶ ያውቅ እንደሆነ አልጠየቅነውም። የመጀመሪያው ስህተት የኛው ነው። «አብሽሩ! ሪፍሌክተር ነው፣ የውጭ ዕቃ ነው፣ ማታ እንደ አምፖል ነው የሚበራው» አለን። አንዱ 2,400 ብር። ስምንት አዘዝን፣ ግማሹን ቀብድ ከፈልን። ደረሰኝ ስንለው «ደረሰኝ ከፈለጋችሁ 15 በመቶ ይጨመርበታል» አለ። ዝም አልን። ሁለተኛው ስህተት።

ልንረከብ የሄድን ቀን አንዱን አነሳና የስልኩን መብራት ጠርዙ ላይ አበራበት። እንደ ድመት ዓይን ቦግ አለ። ማሽአላህ ብለን ቀሪውን ከፍለን፣ ባጃጅ ላይ ጭነን ወጣን።

ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ጉሙ ወረደ። ዕቃ እየሰበሰብን ነበር። ከላይ በኩል ያለችው እህታችን ምልክቷን አንስታ ቆማለች። ጭነት የያዘ አይሱዙ ከጠመዝማዛው ብቅ አለ። መብራቱን አብርቷል። ግን አልቀነሰም። ከዚያ ፍሬን ሲጮህ ሰማን፣ የጎማ ሽታ መጣ፣ እሷ ዘላ ዲቹ ውስጥ ገባች። ያን ቀን ጠዋት የጠረግነው ዲች ነው። ባንጠርገው ኖሮ ድንጋይ ላይ ነበር የምትወድቀው። መኪናው እሷ የነበረችበትን ቦታ አልፎ ቆመ።

ሹፌሩ ሸምገል ያለ ሰው ነው። እጁ እየተንቀጠቀጠ ወረደ። ልንጣላው ተዘጋጅተን ነበር። እሱ ግን ቀጥታ ወደ እሷ ሄደ። «እታለም፣ ተጎዳሽ እንዴ? ወላሂ አላወቅኩም። ቀለበት የምትመስል ነገር ብልጭ ስትል አየሁ፣ መሃሏ ጥቁር ነው። ትሪ የያዘች ሴት መንገድ ዳር የቆመች ነው የመሰለኝ።»

ትሪ።

ያን ማታ ዕቃ ቤታችን ውስጥ መብራት አጥፍተን ስልክ አበራንበት። ሹፌሩ ልክ ነው። የሚያበራው በጠርዙ ዙሪያ የተለጠፈው ሁለት ጣት የሚሆን ቴፕ ብቻ ነው። ከፊደሉ ኋላ ያለው ቀይ ሜዳ ተራ ስቲከር ነው፣ ባጃጅ ላይ ጥቅስ የሚጻፍበት ዓይነት። «ቁም» የሚለው ነጭ ፊደልም ተራ ስቲከር። ሌላም ጉድ አለ። ከታች በኩል የማስታወቂያ ቤቱ ስልክ ቁጥር አለ። እሱ ከሪፍሌክተር ተቆርጦ ነው የተለጠፈው! «ቁም» ጨልሞ ስልኩ ፏ ብሎ ይነበባል።

ከዚያ ወዲህ ስጠይቅና ስሞክር ያወቅኩትን ልንገራችሁ።

እውነተኛ ሪፍሌክተር ብርሃንን ወደ መጣበት ነው የሚመልሰው። ውስጡ ደቃቅ የመስታወት እንክብሎች ወይም ጥቃቅን ፕሪዝሞች አሉ። የመኪናው መብራት ይሄዳል፣ ተመልሶ ሹፌሩ ዓይን ላይ ያርፋል። ስለዚህ ፈተናው ቀላል ነው። አመሻሽ ላይ ሂዱ፣ ወይም ሱቁን አስጨልሙ። ምልክቱን ሠላሳ እርምጃ ያህል አርቃችሁ አቁሙት። የስልካችሁን መብራት ዓይናችሁ አጠገብ፣ ጆሮ ግንዳችሁ ላይ አድርጋችሁ አብሩ። ሜዳውም ፊደሉም ቦግ ማለት አለበት። አሁን ስልኩን እንደያዛችሁ ክንዳችሁን ወደ ጎን ዘርጉት። ብርሃኑ ደብዘዝ ካለ እውነተኛ ነው፤ የሚመለሰው ወደ ስልኩ እንጂ ወደ ዓይናችሁ አይደለማ። ባንኮኒ ላይ አስተኝቶ ጠርዙን ብቻ ለሚያበራላችሁ ሰው ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ብላችሁ ውጡ።

ከሥር ደህና ነጭ ሪፍሌክተር አድርገው፣ ከላይ ብርሃን የማያሳልፍ ቀይ ስቲከር ቢለጥፉበትም ያው ነው። መስኮት ከፍቶ በብሎኬት እንደ መድፈን። ቀዩ ወይ ራሱ ሪፍሌክተር መሆን አለበት፣ ወይ ብርሃን በሚያሳልፍ ቀለም መታተም አለበት። ተራ ቢሆን ችግር የሌለው ጥቁር ፊደል ብቻ ነው። ጥቁር ድሮም ማብራት የለበትም።

ሪፍሌክተርም ደረጃ አለው። ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ዲ 4956 በሚባለው የአሜሪካ መስፈርት ዓይነት 1፣ ማለትም ኢንጂነር ግሬድ የሚሉት፣ ነጩ ቢያንስ 70 መመለስ አለበት። ዓይነት 3፣ ሃይ ኢንተንሲቲ የሚሉት፣ 250። መለኪያውን ተዉት፣ ልዩነቱን እዩት። ቀይ ደግሞ በባሕርዩ የሚመልሰው ትንሽ ነው፤ የዓይነት 1 ቀይ የሚጠበቅበት 14 አካባቢ ብቻ ነው። «ቁም» ላይ ብር መቆጠብ የማያዋጣው ለዚህ ነው። ሃይ ኢንተንሲቲውን ጠጋ ብላችሁ ስታዩት እንደ ማር እንጀራ የተከፋፈለ ነው። ጥለቱን ብቻ አይታችሁ ግን አትመኑ፣ በመብራቱ ፈትኑት።

አሁን ጀርባውን እንገልብጠው። የኛው በአንድ ፊት «ቁም»፣ በሌላው «ቀስ» ይላል። ሁለቱም ቀይ ላይ በነጭ! «ወጥ እንዲሆን ብዬ ነው» አለን ሰውዬው በኋላ። እስቲ አስቡት፣ ቁ እና ቀ። ልዩነታቸው ከእግሩ ጎን የወጣች አንዲት ጭረት ናት። ቃሉ ደግሞ ሁለቱም ሁለት ሁለት ፊደል። ከሩቅ ማን ይለየዋል? ለካ «ቀስ» ስንላቸው የሚቆሙት፣ «ቁም» ስንላቸው ቀስ እያሉ የሚመጡት ወደው አይደለም። እኛ ደግሞ የዘንድሮን ሹፌር ስንራገም ነው የከረምነው።

የአሜሪካኖቹ መመሪያ በእጅ የሚያዘውን ምልክት ስምንት ማዕዘን፣ ስፋቱን ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር፣ የፊደሉን ቁመት 15 ሴንቲ ሜትር ያደርገዋል። «ቁም» ቀይ ላይ በነጭ፣ «ቀስ» ብርቱካናማ ላይ በጥቁር። ማንበብ የማይችልም፣ አማርኛ የማያውቅም ሰው በቀለሙ ይለየዋል። ቀለም ካነሳን አይቀር፣ እነሱም እስከ 1954 እ.ኤ.አ. ድረስ የማቆሚያ ምልክታቸው ቢጫ ነበር። ቶሎ የማይደበዝዝ ቀይ ማግኘት ከባድ ስለነበር ነው። የኛው ቀይ በሁለት ወር ሮዝ ሆኗል።

ፊደላችን ቁመቱ 6 ሴንቲ ሜትር ነው። ለምን? ቦታውን «መንገድ በመሥራት ላይ ነን፣ ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚል ጽሑፍ ከነማኅበራችን ስም ይዞታል። በላቲን ፊደል የተለመደ ስሌት አለ፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ቁመት ከ3.6 ሜትር ገደማ ይነበባል። ስድስቱ ከ22 ሜትር መሆኑ ነው። የኛ ፊደል ደግሞ ጭረቱ ስለሚበዛ ከዚያም ያንሳል። በ60 የሚወርድ መኪና በአንድ ሰከንድ ከ16 ሜትር በላይ ይሄዳል። ጽሑፉን አንብቦ ሲጨርስ ይቅርታ የሚጠይቀው ሹፌሩ ነው። ሁለት ፊደል፣ ትልቅ፣ ወፍራም። ሌላ ምንም አታስጽፉ።

ክብደቱስ? ሰፈር ካለ እህል ቤት ሚዛን ላይ አወጣነው። አምስት ኪሎ ከምናምን! ሁለት የብረት ላሜራ ጀርባ ለጀርባ ገጥሞ፣ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ በየደበት። እጀታው ደግሞ አጭር ስለሆነ መሬት አይደርስም። ቀኑን ሙሉ ተሸክሞ መቆም ነው። እህታችን ከሰዓት ላይ ትከሻዋ ላይ ጋደም ታደርገው ነበር። ያኔ «ቁም» የሚለው ለሰማይ ነው። በኋላ ሳሰላው 45 ሴንቲ ሜትር ስምንት ማዕዘን፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ብረት ብቻውን ሁለት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ያው አሉሚኒየም ቢሆን 700 ግራም አይሞላም። አንድ ላሜራ በሁለት ፊቱ ከተለጠፈበት ደግሞ ሁለተኛ ላሜራ አያስፈልግም። እንጨቱን ከሰው ቁመት ያስበልጡት፣ ጫፉ መሬት ላይ ይረፍ፣ ሠራተኛው ማዞር ብቻ ይሁን ሥራው።

ዕቃውን ይዘን ተመለስን። ሰውዬው አልተናደደም፣ ያናደደኝም እሱ ነው። ሻይ ጋበዘን። «ወንድሜ፣ ሪፍሌክተር አለው አልኩ እንጂ ሁሉም ሪፍሌክተር ነው አልኩ?» አለኝ። እና ምን መልስ አለኝ? የተጻፈ ነገር የለ፣ ደረሰኝ የለ። በመጨረሻ «ቴፕ ልጨምርላችሁ» አለ፣ በሂሳብ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ገዢ የተረከበውን ዕቃ ቶሎ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይላል። እኛ ከግንቦት እስከ ሐምሌ አንድ ማታ እንኳ አውጥተን አላየነውም።

ስለዚህ ስታዙ በወረቀት ይሁን። የሪፍሌክተሩ ደረጃ፣ «ሜዳውም ፊደሉም» የሚል ቃል፣ የላሜራው ዓይነትና ውፍረት፣ የፊደሉ ቁመት፣ የሁለቱ ፊት ቀለም። መጀመሪያ አንድ ናሙና ብቻ አሠሩ፣ በጨለማ ፈትኑት፣ ከዚያ ቀሪውን እዘዙ። ደረሰኝ ተቀበሉ። 15 በመቶው ከ19,200 ብር ያንሳል። ገንዘብ ከሌላችሁ ለቀን ሥራ ደማቅ አዲስ ባንዲራ ይሻላችኋል፣ ከመጥፎ ምልክት። ጉሙ ሲወፍር ግን የቱንም ሪፍሌክተር አትመኑ። መንገዱን ከፍታችሁ ዕቃችሁን ሰብስቡ።

እኛ አሁን ሁለት አሠርተናል፣ ሁለት ብቻ። እህታችን ይዛው ስትቆም አይሱዙዎቹ ከሩቅ ማርሽ ሲቀንሱ ይሰማል። ከስምንቱ አሮጌዎች አንዱ የውሃ በርሜላችን ክዳን ሆኗል። ማታ ውሃ ልቀዳ ስልኬን ሳበራ የሰውዬው ቁጥር እስካሁን ጥርት ብሎ ይነበባል።