ደብረ ብርሃን ወፍጮ ቤት ላላችሁ፣ የዚህን ልጅ ስልክ ያዙ

ሰላም ቤተሰብ፣ የማሽን ኤሌክትሪክ የሚሰራ አንድ ልጅ ማመስገን አለብኝ። እናቴ ጠባሴ ወፍጮ ቤት አላት፣ የገና በዓል ሊደርስ ሶስት ቀን ሲቀረው ሞተሩ እምምም እያለ አልነሳም አለ፣ ትንሽ ያጉረመርምና ኦቨርሎዱ (ሞተሩ ከመጠን በላይ ከረንት ሲስብ የሚያጠፋው መከላከያ) ያጠፋዋል። ቤቱ በጤፍ ማዳበሪያ ሞልቷል፣ በዛ ውርጭ ሳይነጋ መጥተው ወረፋ የያዙ እናቶች አሉ። መጀመሪያ የመጣው ባለሙያ ሽፋኑን እንኳ ሳይከፍት ተቃጥሏል፣ አዲስ አበባ ወስዳችሁ አስጠቅልሉት (የውስጡን ሽቦ በአዲስ አስቀይሩት) ብሎን ሄደ። 130 ኪሎ ሜትር የሚጭንልን መኪና ስናፈላልግ ነው ጎረቤት የዚህን ልጅ ስልክ የሰጠን።

ልጁ ገና በስልክ "እማማ የተቃጠለ ነገር ይሸታል? ማታ መብራት ሄዶ ነበር? በቃ እስክመጣ ደግመው አያስነሱት" አላት። መጥቶም ሞተሩን አልነካም፣ ቴስተር አውጥቶ ሶስቱን ፌዝ (ለሞተሩ መብራት የሚያመጡትን ሶስት መስመሮች) ሁለት ሁለት እያደረገ ለካ፣ 380 አካባቢ ማለት ሲገባው አንዱ ጋ ሲደርስ ቁጥሩ ወረደ። ብሬከሩ ላይ የአንዱ ፌዝ ቪስ ላልቶ የገመዱ ጫፍ ጠቁሯል። ለካ ወፍጮ ሲንቀጠቀጥ እየዋለ ቪስ ያላላል፣ ስሪ ፌዝ ሞተር ደግሞ አንድ ፌዝ ከጎደለው ቆሞ ይጮሃል እንጂ አይነሳም፣ በቀሩት ሁለቱ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ኦቨርሎዱ ያጠፋው የነበረውም እንዳይቃጠልብን ነው። ዋናውን አጥፍቶ የጠቆረውን ቆርጦ አሰረው፣ ሌሎቹንም ቪሶች በካቻቢቴ አጠባበቀ፣ ግማሽ ሰዓት አልሞላም ወፍጮው ተነሳ!! ወንድሜ ኦቨርሎዱን ከፍ አድርጎት ስለነበር እሱንም ሞተሩ ታርጋ ላይ ወደተጻፈው አምፔር መለሰልንና ሁለተኛ እንዳትነኩት አለ።

ሞተሩን ነቅሎ ወስዶ የማስጠቅለያ ቢያስከፍለን እኮ እናምነው ነበር። እሱ ግን እናቴን ጠርቶ የጠቆረውን ገመድ አሳያት፣ የመምጫውን ብቻ ተቀብሎ ሄደ።

ጎረቤታችን ዳቦ ቤትም ሊጥ ማቡኪያው ድንገት ዝም ሲልባቸው ደውለውለት "ቀዩን ማቆሚያ በተን ሰው ተጭኖት ይሆናል፣ አዙራችሁ ልቀቁት" አላቸው፣ ሰራ፣ ሳንቲም አልጠየቀም።

ጫጫም ደብረ ሲናም ይሄዳል። ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፣ በውስጥ ጻፉልኝ እሰጣለሁ። ስትደውሉለት ማሽኑ ይጮህ እንደሆነ ወይ ጭራሽ ዝም ብሎ እንደሆነ፣ መብራት ሄዶ መጥቶ እንደሆነ ንገሩት፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

እጅህ ይባረክ ወንድሜ፣ እናቴ እስካሁን ስምህን እየጠራች ትመርቅሃለች 🙏