ኤክሶቬስት፦ ትከሻ ሲያርፍ ዳሌ ይሸከማል

አንዳንድ የመኪና መገጣጠሚያ ሠራተኞች በቀን እስከ 4,600 ጊዜ ክንዳቸውን ከራስ በላይ ያነሳሉ። ፎርድ ኤክሶቬስትን፣ ማለትም ኤክሶ ባዮኒክስ የተባለው ኩባንያ የሠራውን ክንድ የሚደግፍ ሰደርያ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በሁለት የአሜሪካ ፋብሪካዎቹ የሞከረው ለዚህ ነው። በዓመቱ በሰባት አገሮች ወደሚገኙ 15 ፋብሪካዎች አስገባው።

ባትሪም ሞተርም የለውም፤ ሥራውን የሚሠራው ሞላ ነው። ክንድ ወደ ታች ሲንጠለጠል ዝም ይላል፣ ወደ ትከሻ ከፍታ ሲጠጋ ከታች ይደግፋል። ለእያንዳንዱ ክንድ የሚሰጠው ድጋፍ ከ2.2 እስከ 6.8 ኪሎ ይስተካከላል። ክብደቱ ግን የትም አይጠፋም፤ በጀርባ ብረቱ ወርዶ ዳሌ ላይ ያርፋል። ሰደርያው ራሱም 4.3 ኪሎ ይመዝናል።

ስለዚህ ሲለበስ መጀመሪያ ቀበቶው የዳሌ አጥንት ላይ ይጥበቅ። ከዚያ የጀርባው ቁመት ይስተካከል፤ የሰደርያው ማጠፊያ ከትከሻ መገጣጠሚያ ጋር እኩል መሆን አለበት። የክንድ ማቀፊያው የመጨረሻው ነው። ብዙ ቦታ የሚበላሸው አለባበሱ ላይ ነው፦ ቀበቶው ላልቶ ወደ ሆድ ከተንሸራተተ ሸክሙ ወደ ትከሻ ማንገቻው ይመለሳል፤ ሠራተኛው አንገቱን እያሻሸ አውልቆ ይጥለዋል፤ ጥፋቱም በመሣሪያው ይሳበባል። ማቀፊያው ከላላ ደግሞ ወደ ክርን እየወረደ ቆዳ ይልጣል።

የሞላው ኃይል በግምት አይመረጥ። ሠራተኛው የሚሠራበትን ድሪል ይዞ ክንዱን ወደ ሥራው ከፍታ ያንሳና ጡንቻውን ያላላ። ክንዱ ራሱ ሽቅብ ከሄደ ኃይሉ በዝቷል፣ ከወደቀ አንሷል። የበዛው ይብሳል፤ ብሎን ለማንሳት እጁን ባወረደ ቁጥር ከሞላው ጋር ይታገላል።

ጥሩ የሚሆነው መኪና ስር ቆሞ ብሎን ለሚያጠብቅ፣ ቱቦ ለሚዘረጋ ነው። እኛ አገር ቢመጣ ቀድሞ የሚጠቅመው ቀኑን ሙሉ አንጋጦ ጂፕሰም ኮርኒስ የሚሠራውን ይመስለናል። ካርቶን ከወለል ለሚያነሳ ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ወገብን አይደግፍም። የእጅ አንጓንም ከድሪሉ ንዝረት አያድንም። ፎርክሊፍት ላይ ሲቀመጡ የጀርባው ብረት ከመቀመጫው ጋር ይጋጫል፣ በጠባብ ቦታም ይያዛል።

ኦቶቦክ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ተመሳሳይ የክንድ ደጋፊ፣ ፔክሶ ሾልደር፣ 1.9 ኪሎ ብቻ ነው። በእጅ ክሊፕ ለሚሰካ ወይም ቀላል መሣሪያ ለሚይዝ እሱን እንመርጣለን፤ ከባድ ድሪል ላይ ግን የኤክሶቬስት ጉልበት ያስፈልጋል።

የሚገዛ ድርጅት አስቀድሞ አንድ ነገር ይፈትሽ፦ መኪናውን ማዘንበል ወይም የሠራተኛውን መቆሚያ ከፍ ማድረግ ከተቻለ ሰደርያው ላያስፈልግ ይችላል። ካስፈለገም ከ1.52 እስከ 1.93 ሜትር ቁመት ላለው ሰው ይስተካከላል። አንዱን በፈረቃ መጋራት ይቻላል፣ ነገር ግን በየፈረቃው ልኩን እንደገና ማስተካከል ግድ ነው፤ ላብ የሚጠጣው ስፖንጅም ለየሰው ለየብቻ ይገዛ።