ለጠባሴው ፀጉር አስተካካያችን ምስጋና፣ ምላጭ አልስማማ ላለው ወንድ ደግሞ ጥቆማ

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብላ ሁለት ወንበር ያላት የወንዶች ፀጉር ቤት አለች። ባለቤቱ ስሙ እንዲወጣ ስላልፈለገ «ወንድማችን» እያልን እንቀጥላለን። ሰፈር ገብቶ «ፔርሙዝ ይዞ የሚላጨው የቱ ጋ ነው?» ብሎ የጠየቀ አይጠፋበትም። ደንበኞቹ ተሰባስበን ይህን የጻፍነው አንድም ሥራው ምስጋና ስለሚገባው፣ አንድም አንገቱ በሽፍታ እየተሞላ «የኔ ቆዳ ምላጭ አይወድም» ብሎ የተቀመጠ ወንድ በየቤቱ ስላለ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቆዳው ሳይሆን የአላላጩ ነው።

ደንበኛ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ምላጭ አይከፈትም። ወንድማችን ምላጩን ከነወረቀቱ በሁለት እጁ ጣቶች ይዞ በቁመቱ ያጥፈዋል፤ ቀጭ ይላል። ወረቀቱ የሚገለጠው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ግማሽ እጀታው ውስጥ ይገባል፣ ሌላው እንደተጠቀለለ ክዳን ባለው ንጹህ ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። ባለ ሁለት ስለት ምላጭ ለሁለት ሲከፈል ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ቁጠባው የሚያስመሰግነው ግን ሁለተኛው ግማሽ የማንንም ፊት ያልነካ ከሆነ ብቻ ነው። ሥራውን የጨረሰው ግማሽ ክዳኑ በተሰነጠቀ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል፣ ተመልሶ አይወጣም። ሌላ ቤት ስትሄዱም ዓይናችሁን እዚህ ላይ ጣሉ፤ ግማሹ ምላጭ የወጣው ከወረቀት ነው ወይስ ከመሳቢያ?

ምላጩ ከገባ በኋላ እጀታውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ ያያል። ስለቱ ከእጀታው ከዳር እስከ ዳር እኩል መውጣት አለበት። አንዱ ጫፍ በፀጉር ውፍረት ያህል እንኳ ከገፋ አገጭ ላይና ጆሮ ሥር የሚቧጥጠው ያ ጫፍ ነው። ካልተስተካከለ ፈትቶ እንደገና ያስገባል። «እጁ ከባድ ነው» የሚባል ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚታማው በእጁ ይሁን እንጂ ጥፋቱ ተጣሞ የገባው ምላጭ ነው።

እንዲህ የምናጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጪ፣ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ለ7 ቀን የማስያዝ አቅሙን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ለመግባት ደግሞ ዓይን የማያየው ጭረት ይበቃዋል። የተጠቀሙበትን ምላጭ በአልኮል ጠርጎ ለሌላ ሰው ማዋል የሚባል ነገር ስለዚህ የለም። ማሽን ግን ስለማይጣል መጽዳት አለበት፤ እዚህ ላይ ለዓይን የሚያምር ግን ብዙም የማይረባ ልማድ ሞልቷል። ማሽኑ ላይ አልኮል ነፍቶ በላይተር ማንደድ አንዱ ነው። እሳቱ ሁለት ሰከንድ ነበልብሎ ይጠፋል፣ በጥርሶቹ መሃል የተጠቀጠቀው ፀጉርና ስብ ባለበት ይቀራል፣ ተደጋግሞ ሲነድድ ደግሞ ብረቱ ስለቱን ያጣል። ሰማያዊ መብራት ያላት ሳጥንም እንዲሁ ናት፤ ብርሃኑ ያረፈበትን ገጽ እንጂ ከጥርሱ ሥር ያለውን አትነካም።

ወንድማችን የሚያደርገው ቀላል ነው። ማሽኑን ያጠፋል፣ ፀጉሩን በጥርስ ብሩሽ ጠርጎ ያወጣል፣ 70 በመቶ አልኮል ያርከፈክፍና በራሱ ጊዜ እስኪደርቅ ይጠብቃል፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ጠብታ የማሽን ዘይት ያደርጋል። አልኮሉ 70 በመቶ መሆኑ ለቁጠባ አይደለም፤ ውሃ የተቀላቀለበት አልኮል ከ96 በመቶው ይልቅ ተሕዋሱ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ማበጠሪያና የማሽን ቁጥሮችን (የፀጉሩን ርዝመት ለመወሰን ማሽኑ ላይ የሚሰኩትን) በረኪና ውስጥ ይዘፈዝፋል፤ 5 በመቶ የሆነውን የገበያ በረኪና 1 እጅ ከ9 እጅ ውሃ ጋር ቀላቅሎ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ ማለቅለቅ። ድብልቁ ካደረ ኃይሉን ያጣል፣ በየቀኑ አዲስ መሆን አለበት። የማሽኑን ብረት ግን በረኪና ውስጥ የነከረ ሰው ዝገት ይቀበላል።

ወደ ፔርሙዙ እንምጣ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ጠዋት የቧንቧው ውሃ ጣት ያደነዝዛል። በቀዝቃዛ ውሃ የተላጨ ጢም ሳይለሰልስ ስለሚቆረጥ ምላጩ ይጎትተዋል። ፀጉር ሙቅ ውሃ በደንብ ሲጠጣ ለመቁረጥ የሚጠይቀው ጉልበት በእጅጉ ይቀንሳል፤ ለዚህ ደግሞ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ያስፈልጋል፣ ፊትን አንዴ ረጨት አድርጎ መጀመር አይበቃም። ወንድማችን ፎጣውን በሙቅ ውሃ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ የራሱ የእጅ አንጓ ላይ ከሞከረ በኋላ ጢሙ ላይ ይጠቀልላል። (በነገራችን ላይ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። «ዕቃዬን ቀቅዬ ነው የማጸዳው» የሚል ባለሙያ እዚህ ከቆላው ይልቅ ረዘም አድርጎ መቀቀል ይጠበቅበታል።)

ክሬሙ የባቄላ ፍሬ ያህል ይበቃል። በረጠበ ብሩሽ እያዞሩ አንድ ደቂቃ ያህል ማሸት ነው፤ ብሩሹ አረፋ ከመሥራቱም በላይ የተኛውን ፀጉር ያነሳል። አረፋው ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ከደረቀ ውሃ አንሶታል፣ ወደ አንገት ከፈሰሰ በዝቶበታል። በጥቅምትና በኅዳር፣ ያ ደረቅ ብርድ በበሩ ሲገባ፣ አንዱ ጉንጭ እስኪላጭ የሌላው አረፋ ይደርቃል፤ ስለዚህ ጉንጭ በቀየሩ ቁጥር ብሩሹን አርጥቦ መመለስ ነው። የልብስ ሳሙና ለዚህ ሥራ አይሆንም። አረፋው ብዙ ቢመስልም የቆዳውን ቅባት ጠርጎ ይወስዳል።

የሰውዬው ሙያ የሚታየው ግን አንገት ላይ ነው። ከመላጨቱ በፊት በጣቱ ጫፍ አንገትን ቁልቁልም ሽቅብም፣ ወደ ጎንም ይዳብሳል። ጣት የሚንሸራተትበት ወገን ፀጉሩ የተኛበት ነው፣ የሚሻክርበት ተቃራኒው ነው። ጉንጭ ላይ ፀጉር በአብዛኛው ቁልቁል ይወርዳል፤ አንገት ላይ ግን ከማንቁርት በታች ሽቅብ የሚበቅል፣ መንገጭላ ሥር ወደ ጎን የሚተኛ፣ አንዳንዱም ዙሪያውን የሚሽከረከር አለ። ሁሉንም አንገት «ከላይ ወደ ታች» ብሎ የላጨ ሰው ግማሹን በተቃራኒው ላጨ ማለት ነው። ቤታችሁ መሞከር ለምትፈልጉ፣ ሁለት ቀን ሳትላጩ ቆዩና መስታወት ፊት ዳብሱት። አቅጣጫው ቶሎ አይለዋወጥም፣ አንዴ ካወቃችሁት ይበቃል።

ሽፍታው ከየት እንደሚመጣ ከዚህ በኋላ ግልጽ ይሆናል። የብዙዎቻችን ጢም ጠምዛዛ ነው። በጣም ከሥሩ ሲቆረጥ፣ ወይም ቆዳው ተወጥሮ በተቃራኒው ሲላጭ፣ የቀረው ጫፍ እንደ ጦር ሹል ሆኖ ከቆዳው ወለል በታች ይገባል። ቆዳው ሲለቀቅ ጫፉ ተጠምዝዞ ያድግና ቆዳውን መልሶ ይወጋል፤ ሰውነት እንደ እሾህ ቆጥሮ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ይጠቁራል። ብዙ ስለት የደረደረው ጂሌት ይህን የሚያባብሰው በአሠራሩ ነው፤ የመጀመሪያው ስለት ፀጉሩን ጎትቶ ሲያወጣ የሚከተለው ከቆዳ በታች ይቆርጠዋል። ሁለት ስለት ጎን ለጎን የደረደረው የመጀመሪያው ጂሌት በ1971 እ.ኤ.አ. ገበያ ሲወጣ የተሸጠው በዚሁ ነበር። ቀጥ ያለ ለስላሳ ጢም ላለው ሰው ምንም አይደለም፣ ለጠምዛዛ ጢም ግን ሽፍታ ገዝቶ መግባት ነው።

ስለዚህ ወንድማችን «ሙልጭ አድርገው» ሲባል አይቸኩልም። አንድ ዙር ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ፣ ምላጩን ከቆዳው ወደ 30 ዲግሪ አዘንብሎ፣ ሳይጫን፣ ጣት የማይሞላ አጭር አጭር ጉዞ። የቀረ ካለ አረፋ ጨምሮ በጎን በኩል ሁለተኛ ዙር። ሦስተኛ የለም። ሽፍታ ያለበት ሰው ከመጣ ምላጩን ጭራሽ አያነሳም፤ በማሽን 1 ሚሊ ሜትር ያህል አስቀርቶ ያወርድለትና ሦስት አራት ሳምንት ምላጭ እንዳይነካው ይመክረዋል። የምላጭ ሒሳብ ቀርቶበት ይህን የሚናገር ባለሙያ ሲገኝ ማመስገን ይገባል። ተጠምዝዞ የገባውን ፀጉር በሙቅ ፎጣ አለስልሶ ጫፉን ብቻ ማስለቀቅ ነው እንጂ በወረንጦ መንቀል አይፈቅድም፤ የተነቀለው ሲመለስ ከቆዳ ሥር ስለሚነሳ ዳግም ይወጋል።

ጭርት የመሰለ ነገር ካየም ወንበሩ ላይ አያቆይም። «ይሄን መጀመሪያ ሐኪም ይየው» ይላል። ማሽን ጭርትን ከራስ ወደ ራስ ለማድረስ አንደኛ ነው። የስኳር ሕመም ያለበትንና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስደውንም አስቀድሞ ጠይቆ ነው ምላጭ የሚያነሳው።

ቤታቸው መላጨት ለሚፈልጉት የሚመክረው አንድ ምላጭ የሚይዘውን፣ ጭንቅላቱ የሚፈታውን የብረት መላጫ ነው። የጂሌት ኩባንያ በ1903 እ.ኤ.አ. መሸጥ ከጀመረው ጋር በመሠረቱ ያው ነው። ስትገዙ ምላጭ አስገብታችሁ ከፊት ለፊት እዩት፤ በሁለቱም ወገን የወጣው ስለት እኩል ካልሆነ ሌላ አስመርጡ። ክብደት ያለው ይሻላል፣ ምክንያቱም በራሱ ክብደት ይሄዳል፤ ቀላሉን እጅ መጫን ይጀምራል፣ መጫን ደግሞ ቆዳ ይልጣል። ከምላጭ ስሞች ፌዘር በጣም ስለታም ነው፣ ለጀማሪ እጅ አይሆንም። አስትራና ናሴት መሃል ላይ ናቸው፣ ለወፍራም ጢም ደህና ናቸው። ደርቢ ለዘብ ይላል፣ ጢሙ ሳሳ ላለና ቆዳው ለሚቆጣ። «ለዘብ ያለው ይሻለኛል» ብሎ ወፍራም ጢም በደነዘ ምላጭ መጎተት ግን ከስለታሙ የባሰ ያደማል። መላጫም ምላጭም ክሬምም በአንድ ቀን አትቀይሩ፣ የትኛው እንደተስማማ አታውቁትም።

ለአንድ ሰው አንድ ምላጭ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ይሠራል። መጎተት በጀመረበት ቀን ይጣላል፤ ስለቱን በጨርቅ መጥረግ ያበላሸዋል፣ አለቅልቆ ማራገፍና ደረቅ ቦታ ማቆም ይበቃል። ሳምንት የቆየ ጢም በቀጥታ በምላጭ አይጀመርም፣ መጀመሪያ በማሽን ይወርዳል፤ ካልሆነ ምላጩ ይታፈናል። ማሽን ለሚገዛ አንድ ነገር፣ የሚንቀሳቀሰው ጥርስ ከቋሚው ጥርስ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ መቅረት አለበት። እኩል ወይም ቀድሞ ከወጣ ቆዳ ይጭራል፤ አዲስ ማሽን እንኳ ከካርቶኑ እንዲህ ሆኖ ይወጣል፣ ሁለቱን ብሎን ላላ አድርጎ ማስተካከል ነው።

ከተላጩ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ በፎጣ ተጭኖ ማድረቅ እንጂ ማሸት የለም። የሚያቃጥለው አልኮል ያለበት ሽቶ እዚህ አገር ብርድ ላይ ቆዳውን አድርቆ ያስቀረፍፈዋል። ስስ ቫዝሊን፣ ወይም ግሊሰሪን 1 እጅ ከ2 እጅ ውሃ ጋር። ግሊሰሪን ሳይበረዝ ደረቅ አየር ላይ ከተቀባ ከራሱ ከቆዳው ውሃ ይስባል። ወደ ሸዋ ሮቢት የምትወርዱ ግን ቫዝሊኑን ተዉት፤ እዚያ ላብ አለ፣ ቅባት ላዩ ላይ ሲጨመር ብጉር ይሆናል። ለእናንተ ማታ ተላጭቶ በንጹህ ፊት ማደር ይሻላል።

እውነቱን ለመናገር ፌድና ዲዛይን የሚፈልግ ወጣት ሌላ ቤት ቢሄድ ይሻለዋል፣ ወንድማችን በዚያ በኩል ብዙ አይመካም። ሬዲዮኑም ትንሽ ይጮኻል። ቸኩሎ ለሚመጣ ሰውም አይሆንም፣ አንድ ጢም ግማሽ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ዋጋውን ያልጻፍነው ምላጭና ክሬም በተወደደ ቁጥር ስለሚቀየር ነው፤ ወንበር ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት ራሱ ይነግራችኋል።

ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ። አንገታችን ከነጠባሳው ተሽሎታል፣ ልጆቻችንም የመጀመሪያ ጢማቸውን አንተ ጋ ተላጭተው መላጨት ተምረዋል።

ለምትሄዱ ሰዎች፣ ቅዳሜ ከሰዓትና የበዓል ዋዜማ ወረፋው በር ይወጣል። ማክሰኞና ረቡዕ ጠዋት ከ2 ሰዓት ጀምሮ ረጋ ያለ ነው። መብራት ቢጠፋም በባትሪ የሚሠራ ማሽን አለው፣ ውሃውም በጀሪካን አይታጣም። የራሳችሁን መላጫ ይዛችሁ ብትሄዱ አይከፋውም፤ ምላጩ በትክክል መግባቱን በዚያው በመስኮቱ ብርሃን አይቶ ያስተካክልላችኋል፣ ለዚህ አያስከፍልም።